የቡሎን ዓይን

ጥቅምት 6

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ። ማሽኖቹ ይንጫጫሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ስንጫጫ ይመሻል። ስልክ ላይ «ትቸኩያለሽ፣ አንድም ቃል አልያዝኩ፣ ጻፊልኝ» ስላልከኝ ይኸው በምሳ ሰዓቴ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ጋሼ፣ ጉድ ልንገርህ! የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ሰጠኝ። በሚያዝያ መጀመሪያ የሥዕል ዐውደ ርዕይ አለ፤ ለእኔ አንድ ትልቅ ሥዕል የሚሰቀልበት ቦታ በሜትር ተለክቶ ስሜ ተለጥፎበታል። እስከ መጋቢት 30 ማስረከብ አለብኝ። ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ሳጥፍ «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ መልሱን ቆሞ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ብድግ ነው ሥራዬ። አንሶላ ይዤ ጣቴ አየር ላይ ሲስል ሴቶቹ ይስቁብኛል።

የምስለው ማንን መሰለህ? ቡሎንን፣ የጋራዥህን ውሻ! ግማሹን ውሻ፣ ግማሹን ሞተር አድርጌ ነው። እስከ ደረቱ ጸጉር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቆዳው እንደ ኮፈን ተከፍቶ ውስጡ ማርሽ፣ ቺንጊያና ሞላ ይታያል። ከዲዝሉ ሞተር ሥር ተኝቶ፣ ሞተሩ ሲነሳ እሱም አብሮ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። ውሻው የቱ ጋ እንደሚያልቅ ሞተሩ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይለይም ነበር።

ያለኝ ሠላሳ ስድስት ባለ ቀለም እርሳስ ነው። እርሳሱ ሰም አለው፤ አንዴ ከተጫነ ላጲስ አይነካውም። ስለዚህ ሳልስል በፊት ማወቅ አለብኝ። ዲዝሉ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ሆድ ዕቃው እንዴት ነበር የተያያዘው? ቡሎን ሲቀመጥ የኋላ እግሩን የሚያጥፈው እንዴት ነው? ደግሞ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ዓይኑ ምን ዓይነት ቀለም ነው? እንደዚህ አፍጥጦ ሲያየኝ የኖረ ውሻ፣ የዓይኑ ቀለም ጠፋብኝ።

የእህትህ ልጅ


ጥቅምት 29

ግድግዳ ስትጭር ላደገችው ዶሮዬ፤

አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ወገቤም የድሮው ወገቤ ነው። ደብዳቤው በኮምፒውተር መጻፉ እንዳይገርምሽ። እጄ ሁሌ ግራሶ ስለሆነ ወረቀቱን አበላሸዋለሁ፤ ስለዚህ ከጋራዡ አጠገብ ያለችው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት እኔ ስናገር እሷ ትመታዋለች። ጣቷ ከአፌ ይፈጥናል። ወሬኛ ናት እንጂ ጎበዝ ናት። አንቺ ጸሐፊ፣ ይህን ደግሞ አትጻፊው ሳልልሽ ጻፍሽው አይደል? በይ ይሁን።

ግድግዳ አገኘሁ ስትይ ሳቄ መጣ። የእናትሽን ሳሎን ግድግዳ በከሰል ስትሞነጫጭሪ ማን ደበቀሽ? አሁን ግድግዳ ለክተው ይሰጡሽ ጀመር!

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የሞተሩ ጉልበት በቺንጊያ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ቺንጊያው ሲላላ ይጮኻል፣ ሲጠብቅ ኩሽኔታውን ይበላል፤ ስለዚህ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ መርገብ አለበት። ማርሾቹን ስትስይ ጥርሳቸው እኩል ይሁን። አንዱ ጥርስ ከወፈረ ያ ማሽን ዕድሜ የለውም።

ቡሎንን ለአንቺ ስል ዛሬ ከእግር እስከ ራሱ ዳሰስኩት። የጎድን አጥንቱ በአንድ ጎን አሥራ ሦስት ነው። ሲቀመጥ ጉልበቱ ወደ ፊት፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ እንደ መኪና ክሪክ ማለት ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ፣ ድሮ አይጥ የነከሰችው ቦታ፣ ትንሽ ጣት ያስገባል። ልቡ ያልተስተካከለ ዲዝል ነው፤ ሁለቴ ይመታና ትንሽ ያስባል። ዓይኑንማ ምን ትጠይቂኛለሽ፣ የውሻ ዓይን ነዋ!

ከተመቸሽ ቁጥሩ ጎላ ያለ ሜትር ላኪልኝ። የዛሬ ሜትር ቁጥሩ የጉንዳን እግር ነው፤ ምን እንደሚያስቡ እንጃላቸው።

አጎትሽ


ኅዳር 17

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፤

ሰላምና ጤና ከቤትህ አይጥፋ። ደብዳቤህን እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ የልብስ ማጠቢያው አለቃ እብደት የጀመረኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ያን የጎድን አጥንት ነገርማ እንዳለ ወሰድኩት፤ አሥራ ሦስቱንም ቆጥሬ የሞተር ማቀዝቀዣ ክንፍ አደረግኳቸው። ሜትሩን ልኬልሃለሁ።

ከቡናማው ጸጉር ሥር ሰማያዊ አለበት፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ብርቱካናማ። ሰባት ስምንት ጊዜ እየደራረብኩ ነው የምሠራው። ብረቱን ለማብረቅ በነጩ እርሳስ ክንዴ እስኪዝል እጫናለሁ። አንዴ ከጠቆረ በኋላ ወደ ነጭ መመለስ የለም፤ ጥቁር ግን ከሁሉም በላይ ይይዛል። ዳሌው ላይ ያሉት ማርሾች ብቻቸውን አሥራ አንድ ቀን ፈጁብኝ። አንዱን ጥርስ እስላለሁ፣ ተነስቼ ክፍሏን እዞራለሁ፣ ተመልሼ አያለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። ከታች ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን መደብደብ ጀምረዋል።

ባለ ቀለም ቅጂውን እዚህ ውስጥ አጥፌ ላክሁልህ። የዓይኑን ቦታ ክቡን ብቻ ሠርቼ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ቀለሙን ካንተ እጠብቃለሁ። አፈር ስሆን ጋሼ፣ ሳታባብለኝ እንከኑን ንገረኝ። በስምንት ዓመቴ የሳልኩትን ብስክሌት «ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት ማን ይነዳል?» ብለህ በምስማር ሰንሰለት የጨመርክበት አንተ አይደለህ? ያን ቀን አለቀስኩ፤ ብስክሌት ግን ያወቅሁት ያኔ ነው።

የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 12

ለዶሮዬ፤

ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። ሜትሩ ደረሰኝ፤ ቁጥሩ የቤት ቁጥር ያህላል፣ ተባረኪ።

ሥዕሉም ደረሰ። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው! ምን ልበልሽ? ዳሌው ላይ ያሉት ማርሾች ወርቅ ናቸው። ጸጉሩም እንደዚያው። አንድም እንከን አይወጣለትም። በዚሁ ቀጥይ።

ሁለት ትንንሽ ነገር ላስቸግርሽ። አንደኛው ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ነው። ጋራዡ ጨለም ብሏል፤ አምፖሉም እንደኔ አርጅቷል መሰለኝ። ሌላው ለቡሎን አንገት የሚሆን ትንሽ ቃጭል። ሽማግሌው ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ እግሬ ሥር ይወሸቃል፤ ትናንት በእሱ ተደናቅፌ የባትሪ አሲድ ልደፋ ነበር። እጄ ላይ ያለው ፋሻ ምንም አይደለም። ቆይ፣ ስለ ፋሻ ማን ጠየቃት? እሱን ሰርዢው። ረዳቴ ሌላ ጋራዥ ከሄደ ወዲህ ብቻዬን ነኝና ሥራው በዛብኝ። ደብዳቤዬ ያጠረው ለዚህ ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? መብራቱንና ቃጭሉን ልኬልሃለሁ። ስለ ፋሻው ግን እጠይቃለሁ። ፋሻ ምን አመጣው?

ሰኞ ዕለት ሥዕሉን ወደ ሥራ ይዤው ሄጄ ነበር። ቦይለሩን የሚጠብቀው ሰውዬ ሻዩን እየጠጣ በትከሻዬ በላይ አየው። እሱ እንኳን ሥዕል፣ የቀን መቁጠሪያም የሚያይ ሰው አይደለም። ሁለቴ ፉት አለና «እህቴ፣ ይህ ውሻ አይነሳም» አለኝ። ለምን ስለው ጣቱን ሥዕሉ ውስጥ ያለው ማሽን ላይ አደረገ። እውነቱን ነው። መካኒክ ያልሆንኩት እኔ እንኳ አንዴ ሲነግሩኝ ገባኝ።

በስህተቱ ማፈሬ ሌላ ጉዳይ ነው። የማልረሳው ሌላ ነገር ነው፤ አንተ ወርቅ ነው አልከኝ። ጋሼ፣ አንተ! የቆመ መኪና አጠገብ አልፈህ «የኋላ ጎማው ሁለት ዳዶ ጎድሎታል» የምትል ሰውዬ!

ስህተቱ ምን እንደሆነ አልነግርህም። ቅጂው እጅህ ላይ ነው፤ ፈልገህ ንገረኝ። እስከዚያ እርሳስ አላነሳም።

የእህትህ ልጅ


ጥር 17

ለዶሮዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መብራቱ ደርሷል። ቃጭሉም ለቡሎን አምሮበታል፤ ሰፈሩ ሁሉ በሬ ገዛህ ወይ እያለ ይጠይቀኛል።

ስህተቱንማ ያን ጊዜውኑ አይቼው ነበር፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጅራቱ ነው። ጅራቱ አጥሯል። የቡሎን ጅራት ረዘም ይላል። ጅራቱን አስረዝሚና ጨርሺ፤ ቦይለር ጠባቂ ስለ ውሻ ምን ያውቃል?

ጸሐፊዬ፣ ጅራቱ አጥሯል ያልኩት አንቺ ስለነገርሽኝ ነው እንጂ እኔማ… ይህንን ጻፍሽው? ኧረ በሕግ አምላክ!

አጎትሽ


የካቲት 3

ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከልቤ ነው፤ ግን ቸኩያለሁና አሳምሬ አልጽፈውም።

ጅራቱ አላጠረም። ጅራቱ ከወረቀቱ ውጪ ነው፤ ግማሹን እንጂ አልሳልኩትም። ደብዳቤዎችህን ሁሉ አንሶላ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በተራ አነበብኳቸው። ቁጥሩ የጎላ ሜትር። የግንባር መብራት። የውሻ ቃጭል። እጅ ላይ ያለ ፋሻ። ውሻውን ሳታየው ዳስሰህ ነገርከኝ። ፊርማህ መጀመሪያ መስመሩ ላይ ነበር፤ ባለፈው ግን ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ ግማሹ ቀርቷል።

ጋሼ፣ አታይም አይደል?

ከመቼ ወዲህ ነው? ቺንጊያ በሚሽከረከርበት ጋራዥ ውስጥ ብቻህን፣ በጭለማ፣ እጅህን እየሰደድክ ነው የምትሠራው? ቆሽቴ አረረ! ሦስት ቀን ሙሉ አንድ አንሶላ በወጉ አላጠፍኩም። እጅህ ማሽን ውስጥ ሲገባ እየታየኝ እቃዥ ጀመር። እኔ አባቴን አላውቀውም፤ የማውቀው አንተን ነው። ያለ እጅና ያለ ዓይን መቅረትህን ከምሰማ ይህን ሥዕል ቀድጄ ጥዬ ብመጣ እመርጣለሁ።

የቦይለር ጠባቂው እናት ዓይናቸው ሞራ ነበረበት አሉ። ጠዋት ሐኪም ቤት ገብተው ሞራው ተገፎ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገቡ። የአንተም እሱ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ሂድ። እባክህ፣ ማሽኖቹን አጥፋቸውና ሂድ።

ልጅህ


የካቲት 19

ለልጄ፤

እግዜር ይይልሽ፣ አስለቀስሽኝ። ደብዳቤሽን የምታነብልኝ ጸሐፊዋም አብራ አልቅሳ ሁለት ጊዜ ተሳስታ እንደገና ጀመረች።

አዎ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁሽ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። መጀመሪያ የመስኮቱ መስታወት የቆሸሸ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አሁን ሰው ሲመጣ ጥላ ይመጣል፣ ጥላው ሲናገር ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጠዋት ቡሎን ከፊቴ ይሄዳል፣ እኔ ቃጭሉን እየሰማሁ እከተላለሁ። ሥዕልሽ በር ስር ካለው ሣጥን ላይ አለ። በየቀኑ በእጄ እዳስሰዋለሁ፤ ወረቀቱ ለስላሳ ነው እንጂ ምንም አይለኝም። ወርቅ ነው ያልኩሽ ወርቅ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።

ፋሻውም ቺንጊያው እጅጌዬን ይዞ ነው። ሸሚዙ ተቀደደና ተረፍኩ፤ ሁለት ጥፍር ሄደ። ቡሎን እንደዚያ ቀን ጮሆ አያውቅም።

ሐኪም ዘንድስ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ሞራ ነው አለች፤ ይገፈፋል አለች። ቀጠሮ ሰጠችኝ፣ ቀረሁ። ደግማ ሰጠችኝ፣ አሁንም ቀረሁ። ፈሪ በይኝ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር ከፍቼ ገጥሜያለሁ። ከፍቼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ዳዶ ይተርፈኛል፤ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ዝም እላለሁ። ከፍቼው ጭራሽ ሳይነሳ የቀረ ስንት ሞተር አለ መሰለሽ? ጥላ እንኳ ቢሆን ጥላ አያለሁ። ከፍተውኝ ባልነሳስ?

ስለዚህ ተይኝ። ሥዕልሽን ጨርሺ።

አጎትሽ

ከጸሐፊዋ፦ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። «ሰርዢው» ያለኝን ሳልሰርዝ የቆየሁት አውቄ ነው። ሦስተኛ ቀጠሮ ለመጋቢት 8 ይዤለታለሁ። እስካሁን አልነገርኩትም።


የካቲት 30

ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። አልተውህም።

ቦይለር ጠባቂው ማርሹን እንዴት እንደማስተካክለው ሊነግረኝ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ጆሮዬን ይዤ ሮጥኩ። አንሶላ ተሸክሜ ስሮጥ ብታየኝ! የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮም ትናንት ደወለች፤ «ደረሰ ወይ?» አለችኝ። «አጎቴ እስኪያየው» አልኳት። ቀን መቁጠር ይዤ አላርፍ አልኩ፤ እግሬ መሬት አይረግጥም።

ስማኝ። በዚያ ግድግዳ ላይ የማይነሳ ማሽን አልሰቅልም። ሌላ ሰው እንዲያርምልኝም አልፈቅድም። ብስክሌቴን ያረምከው አንተ ነህ፣ ይህንንም የምታርመው አንተ ነህ። እስከ መጋቢት 30 ድረስ ካላረምከው ግድግዳው ባዶውን ይቅር፤ ስሜ ብቻ ተለጥፎ ይታይ። ፈሪ አልልህም። እኔም እፈራለሁ። ለሐኪሞቹ ዳዶ ከተረፋቸው ግን ኪሳቸው ሳይከቱት እዚያው ጠይቃቸው።

ልጅህ


መጋቢት 16

አንቺ ልጅ!

ሰላምታው ይቆየን። ይህን በገዛ እጄ፣ በእርሳስ እየጻፍኩ ነው፤ መስመር ከሳትኩ ቻዪኝ። ቀኙን ገፈፉልኝ፣ ግራው በሚቀጥለው ወር ነው። ጸሐፊዋ «ፎቶ ኮፒ ወረቀት ልንገዛ ነው» ብላ ሐኪም ቤት ወስዳ አስገባችኝ፤ እንዲህ ያለች ተንኮለኛ አይቼ አላውቅም። ሐኪሟ ስትጨርስ «ዕቃ ተርፏል?» ብዬ ጠየቅኳት። እንደዚያ ስትስቅ ልቤ መለስ አለ።

ፋሻው በተነሳ ማግስት ሥዕልሽን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ወይ ጣጣ! ምንድን ነው ይህ? ሦስት ማርሽ እርስ በርስ፣ ሦስቱም ጥርስ ለጥርስ! ማን አስተማረሽ? አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ጎረቤቱ ወደ ግራ ይዞራል። ሦስተኛው ሁለቱንም ነክቶ ወዴት ይዙር? ቆልፈሽዋል! ይህን ምስኪን ውሻ አራት ወር ሙሉ ዳሌውን ቆልፈሽ አስቀመጥሽው! የእኔ ልጅ ሆነሽ! ደግሞ «ወርቅ ነው» አልኩሽ፤ ጸሐፊዋ ስታስታውሰኝ በሐፍረት ጋራዡ ጠበበኝ።

ላጲስ አይነካውም ብለሻል። እሺ፤ ጥቁር ከሁሉም በላይ ይይዛል ያልሽውስ? ታችኛው ማርሽ ከግራው ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥላ ጣይበት፣ ወፈር አድርገሽ። ያን ጊዜ ግራው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ላይኛውን ብቻ ይነካል፣ ታችኛውን አይነካም። ይዞራል። ሁለት ቀን ቢፈጅብሽ ነው። አሁኑኑ ጀምሪ፣ አንሶላው ይቆይ!

የቀረው ሥዕል ግን፣ ልጄ፣ ጸጉሩ ሥር ያለውን ሰማያዊ አየሁት። አሥራ ሦስቱን የጎድን አጥንትም ቆጠርኳቸው። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሐኪሟ ደግሞ አታልቅስ ብላኝ ነበር።

በጥቅምት ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ። የቡሎን ቀኝ ዓይን የማር ቀለም ነው፤ ዳሩን ቀጭን ጥቁር ክር ዞሮታል። ግራው ግን አመድ መስሏል። እሱም ሞራ ጀምሮታል፤ ለካ ሁለታችንም ሳናይ ነው ስንመራራ የከረምነው። ሁለቱን ዓይን አንድ አታድርጊ፣ እንዳለው ሳዪው። ቃጭሉን ከአንገቱ ፈትቼ ሱሪዬ ላይ አስሬዋለሁ። ጠዋት ወደ ጋራዥ ስንሄድ አሁን ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ።

አጎትሽ